ሰባት ቁጥር ታንከርን ማን ከፈተው

ጋሽ ሻማ «እንደምን አደሩ» ሲሏቸው እንኳ የሚቆጡ ሰው ናቸው። «ምን አገባህ እንዴት ባድር!» ይላሉ። አምስት እርምጃ ሄደው ዞር ይሉና «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ እሱንም በቁጣ። የሠራተኛ ማኅበራችን ጡረታ ለሚወጡ ሰዎች በየዓመቱ በሚያሳትማት መጽሔት ላይ ስለሳቸው ጻፊ ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ሰው ቢጽፈው አሳምሮ ይጽፈዋል ብዬ ፈራሁ። ይሄ ነገር ማማር የለበትም። እኔም ያለሁበት ነገር ስለሆነ እኔው ልጻፈው አልኩ። ስሳሳት ይቅር በሉኝ።

የምንሠራው ቢራ ፋብሪካ ነው። እሳቸው የመፍያ ክፍል ታንከር አጣቢ ናቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ የውሃ ጎማ ጎታችና ቫልቭ ከፋች ሆኜ ከሳቸው ጋር ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ታንከሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ ቁመታቸው ሦስት ፎቅ የሚያህል፣ ሆዳቸው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። እዚያ ውስጥ እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዝ ይተፋል። ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እኛ ግን «ጋዙ» ብቻ ነው የምንለው። ቢራ ሲጠጣ ምላስ የሚቆነጥጠው እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ኮምጠጥ ይላልና። ቢራው ተስቦ ሲያልቅ ጋዙ ታንከሩ ውስጥ ይቀራል። አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ታች ይተኛል። ባዶ ነው ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና አይልም።

ሻማ የተባሉት በዚህ ነው። ታንከር ከመታጠቡ በፊት የታችኛውንና የላይኛውን በር ይከፍቱና ፋን ይለቁበታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠብቃሉ። ከዚያ ረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ሻማ አብርተው ወደ ውስጥ ይሰዱታል። ከጠፋ ታንከሩን ማንም አይነካውም። ባይጠፋም አይበቃቸውም። «ሻማ ሳይጠፋም ሰው ሊጠፋ ይችላል» ይላሉ። ስለዚህ በሁለተኛ ሽቦ አፉ ሰፋ ያለ ጠርሙስ ውስጥ የኖራ ውሃ አድርገው ያወርዳሉ። የኖራ ውሃው ጠርቶ ከወጣ እሺ። ላዩ ላይ እንደ ወተት ስስ ነጭ ነገር ከሠራ ፋኑ ይቀጥላል። ፋብሪካው አንድ ጊዜ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ገዝቶ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ የሚተካው ሰው ጠፋና መሳቢያ ውስጥ ተኛ። እስካሁንም እዚያው ተኝቷል።

አዲስ የሚገቡት ወጣቶች ይቀልዱባቸዋል።

«ጋሽ ሻማ፣ ዛሬ ልደትዎ ነው እንዴ? ኬኩ የታለ?»

«ያንተን ሙት ዓመት ነው የማከብረው! ከዚያ በር ላይ ራቅ በል!»

ይስቃሉ። ግን ራቅ ይላሉ።

ቁጣቸው ከየት መጣ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከወንድማቸው ነው። ይህን እሳቸው አልነገሩኝም፣ ባለቤታቸው ናቸው የነገሩኝ። ታናሽ ወንድማቸው ሌላ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ያኔ መፍያው የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ጠዋት አለቃው «አካፋው ገንዳው ውስጥ ወድቋል፣ ግባና አውጣው» አለው። ቢራው ተስቦ አልቋል፣ ጭስ የለ፣ ክፉ ሽታ የለ። ልጁ ቅር ብሎታል አሉ። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ወደ ኋላ አይቷል። ግን እምቢ ማለት አፈረና ገባ። አካፋውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። በዚያው ቀረ። ሃያ ዓመቱ ነበር።

ወረቀት ላይ የተጻፈው «ልቡ ደክሞ» የሚል ነው። አለቃው ደግሞ «ግባ ያለው የለም፣ በራሱ ነው የገባው» አለ። ትእዛዙን በጆሮው የሰማ ሰው ነበር፣ ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ሻማ ያኔ ግንበኛ ናቸው። ሥራቸውን ጥለው ሠፈራቸው ያለ ትምህርት ቤት ሄደው የኬሚስትሪ አስተማሪውን ያዙት። «ጤነኛ ልጅ ባዶ ገንዳ ውስጥ ለምን ይሞታል?» አሉት። አስተማሪው አልመለሰላቸውም። ማሰሮ አመጣ። ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨመረበት፣ አቼቶ አፈሰሰበት፣ ቸፍ ሲል ጠበቀ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሻማ አብርቶ ማሰሮውን ልክ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ከሻማው በላይ ዘንበል አደረገው። ከማሰሮው ምንም ሲወርድ አይታይም። ሻማው እልም አለ።

«ወንድምህን የገደለው ይሄ ነው» አላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ነው የሚዞሩት። ሐኪሙ ዘንድ ሄደው «ልብ አይደለም!» አሉ። አለቃው ዘንድ ሄደው «ልብ አይደለም!» አሉ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እናታቸው ልጃቸው በልብ ድካም እንደሞተ አምነው ሞቱ። ጋሽ ሻማ ግንበኝነቱን ትተው እኛ ፋብሪካ ታንከር አጣቢ ሆነው የገቡት ያኔ ነው። ሥራ አጥተው አልነበረም። ጋዙን ፈልገው ነው የመጡት።

እኔን ሲያስተምሩኝም በቁጣ ነው። አንድ ቀን በምሳ እረፍት የኖራ ውሃ በብርጭቆ ሰጡኝና ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ከተቱበት።

«ንፊበት።»

ነፋሁ። ውሃው ነጣ።

«ምን ሆነ?»

«ወተት መሰለ።»

«ወተት! ካንቺ ሆድ ወተት ይወጣል? ከትንፋሽሽ የወጣው ጋዝ ነው። ከኖራው ጋር ተጋባና ድንጋይ ሆነ። ጠመኔ። ማን አቁሚ አለሽ? ንፊ!»

ራሴ እስኪዞር ነፋሁ። ነጩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ውሃው እንደገና ጠራ። እኔማ ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ጠፋ!»

«አልጠፋም። ጋዙ ሲበዛበት የሠራውን ድንጋይ መልሶ ያሟሟዋል። ቤትሽ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ከየት መጣ? ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። የሚጠፋ ነገር የለም። ቦታ ነው የሚለውጠው። ይሄን ያዢ።»

ቀጥለው የነገሩኝ ነው ዛሬም አንጀቴን የሚበላኝ። እያንዳንዱ ቃል ትዝ ይለኛል።

«ይሄ ታንከር የምናጥብበት ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ከኖራ የባሰ ሆዳም ነው። ጋዙን ሲያገኝ አያላምጥም። ዋጥ! ሲውጠው ራሱም ኮስቲክነቱ ይቀርና ተራ ሶዳ ይሆናል፣ ቆሻሻ አይፈታም። እሱስ ይሁን። ጋዝ የሞላበት ዝግ ታንከር ውስጥ ኮስቲክ ብትለቂ ምን ይሆናል?»

ብርጭቆውን ማዞር ጀመርኩ።

«ተናገሪ እንጂ! አፍሽን አከራይተሽዋል እንዴ?»

«ጋዙ ይዋጣል» አልኩ።

«እሺ ከተዋጠስ?»

«ውስጡ… ባዶ ይሆናል።»

«ባዶ ሲሆን ውጭ ያለው አየር ዝም ብሎ ያያል? ይጨፈልቀዋል! ይሄ ሦስት ፎቅ ብረት እንደ ካልሲ ይጨማደዳል! ገባሽ?»

ገባኝ። ይህን የነገሩኝ ያ ነገር ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

የፈረቃ ኃላፊያችን «ቶሎ-ቶሎ» ነበር የሚባለው። ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ክፉ ሰው ነው ልል አልነበረም፣ አሁን ግን እላለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰባት ቁጥር ታንከር ተስቦ አለቀ። የሚቀጥለው ቢራ ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ ቦታ እየጠበቀ ነው። ቶሎ-ቶሎ እየሮጠ መጣ።

«ሰባት ቁጥርን እንደተዘጋ እጠቡልኝ። አሁኑኑ።»

«አይታጠብም» አሉ ጋሽ ሻማ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር አምስት ቁጥር እንደተዘጋ ታጥቦ የለም እንዴ?»

«እሱ በውሃ ነው። ይሄ ኮስቲክ ነው፣ ያውም ትኩስ።»

«አናቱ ላይ መተንፈሻ ቫልቭ አለው እኮ! ውስጡ ሲጎድል አየር ያስገባል። ለዚህ አይደል የተሠራው?»

«መተንፈሻው ደንቁሯል ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ አልሰጠሁህም? አረፋ ደርቆበት ተጣብቋል! ወጥቶ ያየው ማነው? አንተ? እኔ በዚህ ጉልበቴ ልውጣልህ?»

«ዛሬ ብቻ። አንድ ቀን ብቻ።»

«ጻፍና ፈርም።» ጋሽ ሻማ ሁሌም እንዲህ ናቸው፤ በቃል የታዘዙትን ነገር አይነኩም። ለምን እንደሆነ እናንተም አሁን ታውቃላችሁ። «‹ጋዙ ሳይወጣ በኮስቲክ ይታጠብ› ብለህ ጻፍ፣ ስምህን ከታች አስቀምጥ፣ እኔ አሁኑኑ አጥባለሁ።»

«ወረቀቱ ቢሮ ነው ያለው!»

«እኔ አመጣልሃለሁ።»

ግቢውን አቋርጠው ወደ ቢሮ ሄዱ። ጀርባቸው ከበሩ እንደወጣ ቶሎ-ቶሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ክፈቺው።»

«ጋሼ… ወረቀት…»

«ጋሼ ነው አለቃሽ? ክፈቺ አልኩሽ! ቶሎ!»

አልከፍትም ማለት ነበረብኝ። ሦስት ሰከንድ የማይፈጅ ቃል ነው። ሰው ሲጮህብኝ ሁሌ እንደሚሆነው ምላሴ ተሳሰረ። እጄ ግን ሄዶ ከፈተ። ፓምፑ እም… ማለት ጀመረ። ትኩሱ ኮስቲክ ከላይ ሲረጭ በብረቱ ውስጥ ይሰማል። እኔ በቫልቩ አጠገብ ቆሜ የታንከሩ ሆድ ላይ ፊቴን አያለሁ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቆርቆሮ ሳህን ሲረገጥ የሚያሰማው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ብረቱ ላይ ያለው ፊቴ ወደ ጎን ረዘመ። ግንባሬ አንድ ቦታ፣ አገጬ ሌላ ቦታ ሄደ። ሮጥኩ። ከኋላዬ የመጣውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዞር ስል ሰባት ቁጥር ወደ ውስጥ ገብቷል። ረግጠው የጣሉት ጣሳ ነው የሚመስለው። ቱቦዎቹ ተገነጣጥለዋል፣ ኮስቲኩ ወለሉ ላይ ይጨሳል። ሰው አልተጎዳም። ሊደርስብን የነበረውን ግን ሁላችንም አየነው።

ጋሽ ሻማ ወረቀቱን ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ታንከሩን አላዩትም። እኔን አዩኝ። ከዚያ እጄን አዩት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ተቆጥተው ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምጽፈው በንዴት ነው። የእጥበት መዝገቡ ላይ በየማለዳው የሁሉም ታንከር አጣቢ ተብሎ የሚሰፍረው የሳቸው ስም ነው። ቶሎ-ቶሎ መዝገቡን ይዞ ሄዶ «እሳቸው ናቸው የከፈቱት፣ ተዉ ብያቸው ነበር» አለ። በማግስቱ እኔን ቢሮ አስጠራኝ። አንድ ገጽ ተኩል የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ።

«ያየሽውን ነው የጻፍኩልሽ። ፈርሚ።»

እኔ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አንድ መስመር ላይ ብዙ እቆያለሁ። ቶሎ-ቶሎ ደግሞ ሰዓቱን ያያል፣ ጸሐፊዋ ታየኛለች። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ «ምነው፣ ፈተና አደረግሽው እንዴ!» አለና ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፈረምኩ። «ጋሽ ሻማ ሲከፍቱ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ኖሯል።

ጋሽ ሻማ ከሥራ ታገዱ። ጡረታቸው ሊደርስ አምስት ወር ነበር የቀራቸው። ነገሩ በዚያው ካለቀ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው ያላስጎዱት ሰውዬ ታንከር አፍርሰው የተባረሩ ተብለው ሊቀሩ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥባሉ። ሲያዩኝ አልተነሱም።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

«እትዬ፣ እኔ…»

«አንቺ ነሽ ወይ አልኩሽ?»

«አዎ።»

«በዚህ እጅሽ? ስንት ጊዜ እዚህ ቤት በበላሽበት? ግቢ፣ ግቢና ሂጂ ወደሱ። እኔ ምን ልበልሽ። ከታገደ ጀምሮ ግድግዳ እየቀባ ነው። ሦስተኛ ዙሩ ነው። ይሄ ግድግዳ ምን አድርጎህ ነው ብለው አይሰማኝም!»

ጋሽ ሻማ ከጓሮ በኩል ግድግዳውን ኖራ ያለብሳሉ። ቀቢ ሳይሆን ተደባዳቢ ነው የሚመስሉት። ኖራ መጀመሪያ ሲቀባ ውሃ ነው የሚመስለው፣ ውሎ አድሮ ከአየሩ ጋዙን እየሳበ ነው ነጭ ድንጋይ የሚሆነው። እሳቸው ግን እስኪነጣ ጊዜ አይሰጡትም፣ በላዩ ይደርባሉ።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ…»

«ይቅርታሽን እዚያው ያዢው። ወረቀቱ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ስፈርም አላወቅሁም። ኋላ ሰዎች ነገሩኝ።»

«ሳታውቂ ለምን ፈረምሽ?»

«እያዩኝ ነበር። ማንበብ ቀስ ይለኛል… አፈርኩ።»

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወረወሩት። ኖራው ጫማዬ ላይ ተረጨ።

«አፈርሽ! ወንድሜም አፍሮ ነው ገንዳ የገባው። እዚያ ቆሞ ትእዛዙን የሰማውም አፍሮ ነው ዝም ያለው። አፍሮ! እኔ ጋዙን እስከዛሬ ገዳይ አላልኩትም፣ እሱ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ይከብዳል፣ ይተኛል፣ ኮስቲክ ሲያገኝ ይዋጣል። አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። የሚያፍር ሰው ነው የሚገድል!»

ባለቤታቸው ከበሩ ላይ «ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል» አሉ።

«ይስማ! ይስማ እንጂ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ረቡዕ ኮሚቴ ይቀመጣል። መምጣት ትችያለሽ። ማፈር ካማረሽ ግን እቤትሽ ሆነሽ እፈሪ።»

ረቡዕ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ከመፍያው ክፍል አንድ ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከጋዙ ቧንቧ ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅሁት። በሌላ ትንሽ ጠርሙስ ኮስቲክ ያዝኩ፣ ጓንቴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መናገር እንደማልችል ስለማውቅ ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ፣ አንድ የማኅበራችን ሰው። ጋሽ ሻማ ጥግ ላይ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ቶሎ-ቶሎ መዝገቡን ዘርግቶ ይናገራል።

«ሽማግሌው ታንከሩን ዘግቶ ፓምፕ አስነስቶ አየሩን ስቦበታል። በቃ። ኮስቲክ ቆሻሻ ያጥባል እንጂ ብረት አያጨማድድም፣ እባካችሁ። ይሄ የሻማ ተረት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ? ፊርማሽ ላይ የምትጨምሪው አለሽ?» አለኝ።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጋዝ ነው።»

«ባዶ ጠርሙስ ነው እኮ።»

«አይደለም» አልኩ። ጓንቴን አጠለቅሁ። ክዳኑን ከፍቼ ኮስቲኩን ጨመርኩበት፣ መልሼ ዘጋሁት፣ ነቀነቅሁት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሊስቅ ሲል ጠርሙሱ ቀጭ አለ። ከዚያ ጎኑ ገባ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አንገቱ ድረስ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆነ። ማንም አልነካውም። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ሰባት ቁጥርም እንዲህ ነው የሆነው» አልኩ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክፈቺ ያለኝ እሱ ነው። እሳቸው ወረቀት ሊያመጡ ሄደው ነበር።»

«ውሸት ነው!» ቶሎ-ቶሎ ብድግ አለ። «ፈርማለች! ፊርማዋ ይኸው!»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነሳ። «ፊርማሽ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ የቱን እንመን?»

«አላነበብኩትም።»

የአስተዳደሩ ኃላፊ ፈገግ አለ። «ሳታነቢ ነው የምትፈርሚው?»

ያኔ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ፈላ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዋጥኩት ንዴት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ መሰለኝ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

«እኔስ ማንበብ ስለሚከብደኝ ነው! እናንተስ? መተንፈሻው ደንቁሯል ብለው ሦስት ጊዜ ጽፈው ሰጥተዋል። ማን አነበበው? ማንበብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ! አምጡና እዩት፣ ፋይሉ ውስጥ አለ! አምጡት!»

የማኅበሩ ሰው ተነስቶ ፋይሉን አመጣ። ሦስቱም ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ ሠርቶበታል። ጋሽ ሻማ ብቻ «ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው ያደረጉት» አሉ፣ ለራሳቸው።

አሁን አሸነፍን ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ቶሎ-ቶሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፣ ያውም ኃላፊ ሆኖ። ለኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ይገባኛል። ለጋሽ ሻማ የተሰጣቸው ደብዳቤ «በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ ክሱ ተዘግቶ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ» ይላል።

ደብዳቤውን አንብበው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አልቀበልም።»

«ጋሼ፣ ሥራዎን አገኙ እኮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሥራ ስጡኝ አላልኩም። ይሄ ‹በቂ ማስረጃ› የምትሉት ሠርቶታል፣ ግን አልያዝነውም ማለት ነው። አልሠራም ብላችሁ ጻፉ። ማን እንደሠራው ጻፉ።»

«እንደዚያ ዓይነት ደብዳቤ አንጽፍም።»

«እኔም እጠብቃለሁ።»

ቢሮው በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠዋት በፈረቃ ሰዓት ይመጣሉ፣ በፈረቃ ሰዓት ይሄዳሉ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይቆጡታል። ጸሐፊዋ ሻይ ብታመጣላቸው «ብርጭቆውን የት ላስቀምጠው? ወረቀት አለሽ?» አሏት። ታንከር ክፍል ደግሞ ሥራ ቆመ። ከሰባት ቁጥር በኋላ ሻማ ሳይገባ ታንከር የሚነካ ጠፋ። እነዚያ ኬኩ የታለ ሲሉ የነበሩት ወጣቶች «እኛ የኖራ ውሃውን ማየት አንችልም፣ እሳቸው ይምጡ» ብለው ቁጭ አሉ። አዲሱ ኃላፊ ለመነ፣ ዛተ። አልተነሱም። በአራተኛው ቀን ያልታጠቡት ታንከሮች ስምንት ደረሱ።

በአምስተኛው ቀን ጽፈው ሰጧቸው።

ጋሽ ሻማ ደብዳቤውን ይዘው በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ታንከር ክፍል ገቡ። ገቢውም ወጪውም አለ፣ አርባ ሰው ይሆናል። ያ የተጨማደደው ሰባት ቁጥር ገና አልተነሳም። እዚያ ፊት ቆሙና በጣታቸው ጠሩኝ።

«ነይ። አንብቢው።»

«እኔ? ጋሼ፣ ሌላ ሰው…»

«አንቺ!»

ወረቀቱን ያዝኩ። ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። «ሰ-ባት ቁጥር ታን-ከርን… የከ-ፈቱት…» ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ አለ።

«ማነው የሚስቀው? ና፣ አንተ ና አንብበው!» ማንም አልመጣም። «በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ማንም አይቸኩልም።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ሰባት ቁጥር ታንከርን የከፈቱት እሳቸው አይደሉም። ጋዙ ሳይወጣ በኮስቲክ እንዲታጠብ ያዘዘው የፈረቃ ኃላፊው ነው። የመተንፈሻ ቫልቩን ብልሽት በጽሑፍ ሦስት ጊዜ አመልክተዋል። የኮስቲኩን ቫልቭ የከፈተችው…» እዚህ ላይ ቆምኩ። የሚቀጥለው የኔ የሥራ መደብና ስሜ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። አነበብኩት።

ወረቀቱን ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

«የመጨረሻውን ድገሚው።»

«ጋሼ፣ ሰምተውታል እኮ።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ድገሚው።»

ደገምኩት።